የወንበዴው ዋስ

የትናየት ኦፔራዋን የጻፈችው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጠዋት ከደባርቅ ዳባት፣ ማታ ከዳባት ደባርቅ፤ ሌላ ጊዜ የላትም። ዳባት ሒሳብ ታስተምራለች፣ ደባርቅ ሁለት ልጆች ይጠብቋታል። ዜማ ሲመጣላት ስልኳን አፏ ላይ ደቅና ታንጎራጉራለች። ሾፌሩ መጀመሪያ በመስታወት እያየ ያማትብ ነበር። በሦስተኛው ወር ግን፣ "ቲቸር፣ የትናንትናዋ ትሻል ነበር" ማለት ጀመረ።

ኦፔራዋ የሚቀርበው ደባርቅ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቷ አዳራሽ ነው፤ እዚያ መዝሙር በመሪጌታ ሰብስቤ ጆሮ ሳያልፍ አይገባም። እሳቸው ዘንድ ሄደች።

"ኦፔራ ደግሞ ምንድን ነው?" አሏት።

"ድራማ ነው የኔታ። ብቻ ማንም አያወራም፣ ሁሉም ይዘምራል።"

"ውሃ አቀብለኝ የሚለውም?"

"እሱም በዜማ ነው።"

መሪጌታ አገጫቸውን አሻሹ። "እኛ ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስናደርግ ኖርን?"

ስለ ማን እንደሆነ ጠየቋት። በጌታ ቀኝ ስለተሰቀለው ወንበዴ ነው አለቻቸው። ታሪኩን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ወንበዴው ከሁሉ ቀድሞ ገነት በር ሲደርስ፣ የእሳት ሰይፍ የያዘው መልአክ ከአዳም ቀድመህ ወዴት ነው ብሎ ያቆመዋል። የትናየት አንድ ነገር ከራሷ ጨምራለች። መልአኩ እንደ አገሬው ዳኛ፣ "ዋስ ጥራ" ይለዋል።

"ይኼ መጽሐፍ ላይ የለም" አሉ መሪጌታ።

"የለም። ግን በኛ አገር ለሌባ ያለ ዋስ የሚከፈት በር የታል?"

"ዋሱን ማን አደረግሽው?"

"የተሰቀለውን።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። "ከፋሲካ በፊት ከበሮ እንዳታስመቺ" አሉ። ፈቀዱ ማለት ነው። ቀኑ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

ወንበዴ የሚሆን ሰው ጠፋ። ከዘማሪዎቹ ቢራራ ሞከረ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን ወንበዴ ሳይሆን ሽማግሌ የላከ ሙሽራ ይመስላል። አንድ ቅዳሜ የትናየት ገበያ ቆማ ቲማቲም ስትመርጥ ከኋላዋ ዘፈን ሰማች። ከተራራው ከሳንቃ በር ባዶ በቅሎ እየነዳ የሚወርድ ሰው ነው። ገደል ለገደል ሲጣራ ያደገ ድምፅ። ቲማቲሙን ጥላ ተከተለችው።

አገኘሁ ይባላል። የቱሪስት ጓዝ ጫኝ ነው፣ ቱሪስት ሲገኝ። የምትፈልገውን ስትነግረው ሳቀ።

"ሌባ ልሁንልሽ? እሱንማ ያለ ልምምድም እችለዋለሁ።"

ከተማው ያውቀዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአያ ላቀውን በቅሎ አዲ አርቃይ ወስዶ ሸጧል። ሲያዝ ዳኛው ዋስ ጥራ አሉት፤ ወንድሙም አጎቱም መሬት መሬት አዩ። ታሰረ፣ ተፈረደበት፣ ጨርሶ ወጣ። ንስሐም ገብቷል። እስካሁን ግን አያ ላቀውን ካየ መንገድ ይሻገራል።

ልምምድ ላይ ሁሉንም ዘመረው፤ ስቃዩን፣ ጸጸቱን፣ በመንግሥትህ አስበኝ ማለቱን። አንድ ቦታ ብቻ ይቆማል። መልአኳ ትሕትና ናት፣ ጸጉር ቤት ያላት። "ዋስ ጥራ" ብላ ስትዘምር አገኘሁ "ዋስ አለኝ" ማለት አለበት። ሁለት ቃል። አይወጣውም። ያስላል፣ ውሃ ይጠጣል። የትናየት ዜማውን ዝቅ አደረገችለት፣ ከፍ አደረገችለት፤ አልሆነም። ያችን ቦታ ዘሎ ገነት መግባት ደግሞ አይቻልም፤ ኦፔራው ያለሷ ባዶ ነው።

"ሌላ ሰው ፈልጊ እታለም" አላት።

"የለም።"

"ቢራራ አለ አይደል?"

"ቢራራ ሙሽራ ነው።"

አገኘሁ መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ያን ቀን ዳኛው ፊት ቆሜ ዞሬ አየሁ። አርባ ሰው ይሆናል የመጣው። አንድ እጅ አልተነሳም። አሁንም ትሕትና ያንን ቃል ስትለኝ ዞሬ ነው የማየው። አለኝ ብል የዋሸሁ ይመስለኛል።"

የትናየት ማባበል አታውቅም። "እንግዲያው ወደ ኋላ አትዙር" አለችው። "ወደ መስቀሉ ዙር።"

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት አዳራሹ ሞላ። አያ ላቀው ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ተቀመጡ፤ የልጅ ልጃቸው ከዘማሪዎቹ አንዷ ናት። አገኘሁ በመጋረጃ ቀዳዳ አያቸው።

"ሄጃለሁ" አለ።

"በምን? በቅሎህ እኔ ግቢ ነው። ቆልፌበታለሁ።"

"ሰረቅሽኝ?"

"አዎ።"

ሳያስበው ሳቀ። ትከሻውን ገፋ አድርጋ ወደ መድረኩ አስወጣችው።

መስቀሉ ጋ ሴቶች አለቀሱ። የገነት በር ተተከለ፤ ሁለት ግንድና ነጭ መጋረጃ። ትሕትና የቆርቆሮ ሰይፏን ዘርግታ "ዋስ ጥራ" ብላ ዘመረች።

አገኘሁ ዝም።

ትሕትና ደገመችው። አሳለ። የትናየት ጥጉ ላይ ቆማ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረች። አራት ወር፣ ስንት ጉዞ። ትሕትና ለሦስተኛ ጊዜ ጠራች።

ወንበር ሲጢጥ አለ። አያ ላቀው ናቸው፤ ብድግ አሉ። አርባ ዓመት ሽማግሌ ሆነው የሰው ነገር የዳኙ ሰው ናቸው። ፊታቸው የቆመ ሰው ሦስት ጊዜ ዋስ ተጠይቆ ሲያጣ ድራማ መሆኑ ጠፋባቸው።

"እኔ ዋሱ ነኝ" አሉ፣ በሸንጎ ድምፃቸው። "ላቀው እባላለሁ፣ የበቅሎው ባለቤት። ልጁን አውቀዋለሁ። ልቀቂው።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ አፍሮ ቆመ። ትሕትና ሰይፏን ይዛ ወደ የትናየት አየች። የትናየት መጋረጃው ይዘጋ ልትል እጇን አነሳች።

አገኘሁ ዞረ። ወደ ሽማግሌው ሙሉ ለሙሉ ዞሮ ፊታቸውን አየ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ በራሷ በየትናየት ዜማ፣ እሷ ያልጻፈችውን ቃል ዘመረ።

"አያ ላቀው፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቀመጡ። ዋስ አለኝ።"

ወደ መስቀሉም ዞረ። "ዋስ አለኝ።" እሷ ከጻፈችው በላይ ከፍ አድርጎ ነው። "ዋስ አለኝ!" የቆርቆሮው ጣሪያ ነዘረ። የትናየት የተነሳውን እጇን ለከበሮው ምልክት አድርጋ ጣለችው።

ትሕትና ሰይፏን ከቦታው ሁለት ስንኝ ቀድማ አወረደች። እልልታው ከአዳራሽ አልፎ መንገድ ወጣ። ለመስማት ብቻ ነው የመጣሁት ያሉት መሪጌታ ሰብስቤ መቋሚያቸውን አንስተው ወረብ ጀመሩ። ዘማሪው ሁሉ ወንበዴውን ከፊት አድርጎ በነጩ መጋረጃ ውስጥ ጎረፈ፣ የአያ ላቀው የልጅ ልጅም አብራ። የትናየት መምራቱን ትታ ታጨበጭባለች፤ ማንም የሷን እጅ አያይም።

አያ ላቀው ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው የመድረኩን ደረጃ ወጡ፣ መጋረጃውን በከዘራቸው ገለጥ አድርገው ከዘማሪዎቹ ኋላ ገነት ገቡ። ይውጡ ያላቸው የለም።