ተሰናብታ የቀረችው

በሐረር ግንብ፣ ጁገል ውስጥ ሰው ርቆ ሲሄድ ጎረቤቱን እየዞረ «አፉ በሉኝ» ይላል። አውቄም ሳላውቅም የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። የሚቀረውም «አፉ ብያለሁ፤ አንተም አፉ በለኝ» ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ማን ማንን ምን እንደበደለ አይነሣም፤ እጅ ተሳስሞ መለያየት ነው። ሪሃና ልትሄድ ስትነሣ ግን እንዲያ አልሆነም። ሰዉ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈላት።

ለሐጅ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የምትሄድ ብትሆን ኖሮ እያንዳንዱ አፉን ቆጠብ ባደረገ ነበር። እሷ ግን ለመኖር ነበር የምትሄደው። ደግሞም ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ሰው እንደ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ የጣሉበት ድንጋይ ድምፅ አይሰጥም።

ባሏ አብዱልፈታ ዱባይ ከገባ ከርሟል። ከአጎቱ ልጅ ጋር አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ድርሻ ገዝቶ ነበር። ድርሻ ያለው ሰው በባለሀብትነት የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል፤ እሱ ካገኘ ደግሞ ሚስቱ በእሱ ስም ትገባለች። የተነገራቸው እንዲህ ነው። አንድ ቀን በኢሞ ፊቱ እየተቆራረጠ ደወለና «ፋይሉ አልቋል፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ዕቃሽን ሰብስቢ» አላት።

ሪሃና ሰበሰበች። ኬሚስትሪ ታስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ለቀቀች። የሰፈሯ ሴቶች ለሰርግም ለሐዘንም ከሚሰበሰቡበት አፎቻ ስሟን አስወጣች። ግድግዳውን ሞልተውት የነበሩትን ሳህኖችና ስፌቶች አውርዳ በጋዜጣ ጠቀለለቻቸው። ግድግዳው ላይ የቀረው ባዶ ምስማር ብቻ ሆነ። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ አፉ ለመባባል ወጣች።

መጀመሪያ የገባችው እማ ሩቂያ ዘንድ ነው። እማ ሩቂያ የሰፈሩን ሴት ልጅ ሁሉ ስፌት ያስተማሩ ባልቴት ናቸው። እጇን ይዘው አልለቅ አሏት።

«ለሰርግሽ የሰጠሁሽ ትልቁ ስፌት... የእጄ ሥራ ነው ብዬሽ አልነበር?»

«አዎ፣ እማ ሩቂያ።»

«አይደለም። ዓይኔ ከከዳኝ ቆየ። ከሶፊ ገጠር ከምትመጣ ሴት ነው የገዛሁት። ይኸን ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። አፉ በይኝ።»

ጋሽ ኢብራሂም ደግሞ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ናቸው። እንደ መጣች የስፌት መኪናቸውን አቆሙና ግራ ቀኝ አዩ።

«የባልሽን የሰርግ ሱፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሱሪውን ዋዜማው ላይ በካውያ አቃጠልኩት። ቀለሙ ቀረብ የሚል የሌላ ሰው ጨርቅ ነበረኝ፤ ከእሱ ቆርጬ ሰፋሁለት። ኮቱና ሱሪው ወንድማማች አይደሉም ልጄ፤ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። በየዒዱ ለብሶት ሲያልፍ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።»

የዘቢባ ግን ከሁሉም ከበደ። ዘቢባ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ በር ላይ አቅፋት አለቀሰች።

«አማትሽ ከሰርጉ በፊት ስለ አንቺ ጠይቀውኝ ነበር። 'ይቺ የተማረች ልጅ ኩሩ ናት፤ ሰላምታዋን እንኳ ቆጥራ ነው የምትሰጠው፤ ለልጅዎ አትሆንም' ብያቸዋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ!»

ሪሃና ኩራት ኖሯት አያውቅም። ሰው ፊት ምላሷ ይተሳሰራል እንጂ። ቢሆንም እንደ ሌሎቹ ለእሷም «አፉ ብያለሁ» አለቻት። የራሷን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። «አፉ በሉኝ» ብላ ብቻ ተመለሰች።

ማኅተሙ አልመጣም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ዕረፍት ላይ ነው ተባለ። ቀጥሎ ረመዳን ገባ። ከዚያ ደንቡ ተሻሻለና ፋይሉ እንደገና ከታች ይጀምር ተባለ። ፋይሉ ተራውን ሲጠብቅ የጤና ምርመራው ወረቀት ጊዜው አለፈበት። እሱ ሲታደስ ደግሞ የዳቦ ቤቱ ፈቃድ የሚታደስበት ወቅት ደረሰ። አንዱ ወረቀት ሲወለድ ሌላው እያረጀ ሁሉም ባንድ ላይ ሕያው የሚሆኑበት ቀን ጠፋ። አብዱልፈታ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል እያደረ በየሳምንቱ ይደውላል።

«ገና ነው» ይላል።

«ኸይር ነው» ትለዋለች።

ሰፈሩ ግን ከእሷ በላይ ቸኮለ። ጋሽ ኢብራሂም ከሩቅ ሲያዩዋት ክራቸውን ከአፋቸው ያወጣሉ።

«ዛሬስ? ምን አሉ?»

«ገና ነው፣ ጋሽ ኢብራሂም።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! አንዲት ማኅተም ለመምታት ስንት ክንድ ነው የሚፈልጉት?»

እማ ሩቂያ፣ ሪሃና በራፋቸው ላይ ስትታይ፣ ልጃገረዶቹን የሚያስተምሩበትን ስፌት ከነወስፌው ከኋላቸው ይደብቃሉ። ዘቢባ መንገድ መቀየር ጀመረች። መቀየሪያ ባጣች ቀን ደግሞ ሰላምታው ማር እስኪንጠባጠብ ይበዛል። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ ትጠይቃታለች። ዓይኗን ግን አታያትም።

ትምህርት ቤቱ ቦታዋን ለሌላ ሰጥቷል። አፎቻው አይጠራትም። ሪሃና ምስማር ብቻ በቀረበት ግድግዳ ሥር ትውላለች። የሄደች አይደለች፣ ያለችም አይደለች።

ከሁሉም የሚያስፈራት ግን የራሷ ልብ ነበር። አብዱልፈታ «ገና ነው» ባለ ቁጥር ደረቷ ውስጥ ተቋጥሮ የከረመ ነገር ይፈታል። ያን ቀን እህል ይጣፍጣታል። ይህችን አንዲት ጠባብ መንገድ ሰላም ማለት ለመልመድ ዕድሜዋን ፈጅታለች። በማን ደጅ ፈገግ እንደሚባል፣ በማን ደጅ ቆም እንደሚባል ያወቀችው ገና አሁን ነው። እንደገና ከሀ ሁ መጀመር? እሱ እዚያ እየተንገላታ እሷ ግን ከሶላት በኋላ እጆቿን ዘርግታ «ያ ረቢ፣ ትንሽ ይዘግይ» ትላለች። ጸሎቱን ስትጨርስም ታፍራለች።

የዘቢባ ልጅ ሰልማ ልትዳር ሆነ። የሰፈሩ ሴቶች ለሰርጉ እህል ሊለቅሙ ዘቢባ ቤት ተሰበሰቡ። ሳቃቸው በግድግዳው አልፎ ይመጣል። ሪሃና የጠራት የለም። ጆሮዋን ላለመስጠት ራዲዮ ከፈተች፤ ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። በሩ ተንኳኳ። እማ ሩቂያ ነበሩ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡና የተራቆተውን ግድግዳ ተመለከቱ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ዘቢባ አልጠራችኝም፣ እማ ሩቂያ።»

«እንዴት ብላ ትጥራሽ? እንግዳ ሞልቶ ሳለ ባየችሽ ቁጥር የነገረችሽ ሊታወሳት? ሁላችንም እኮ ያንቺ እስረኞች ነን።»

«ወላሂ ለአንድ ሰው አልተናገርኩም!»

«እሱንማ እናውቃለን። ጣጣውም እሱ ነው። ብትናገሪ ተጣልተን፣ ተሰዳድበን፣ ታርቀን እንገላገል ነበር።» ወለሉ ከፍ ካለበት ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የሁላችንን ይዘሻል፤ ያንቺን ማንም አልያዘም። እንዲህ ሆኖ ጉርብትና አለ?»

«እኔ ግን የበደልኩት...»

«በደል መች አልኩ? የሆድሽን ነው ያልኩሽ። ተነሽ።»

ሪሃና ስትገባ የዘቢባ ቤት ጸጥ አለ። ዘቢባ ብድግ ብላ ማሩን ልታዘንብ አፏን ከፈተች። ሪሃና ግን አልጠበቀቻትም። አንድ ሰፌድ አንሥታ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠችና እህሉን መልቀም ጀመረች። ጠጠር አወጣች። ምላሷ እንደ ልማዱ ተሳሰረ። ሌላ ጠጠር አወጣች። ከዚያ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ ተናገረች።

«አፉ እንድትሉኝ ነው የመጣሁት።»

«ደረሰልሽ እንዴ?» አለች ዘቢባ፤ ድምጿ ውስጥ ደስታ ብልጭ አለ።

«አልደረሰም። እንዲደርስም አልፈልግም። አብዱልፈታ ገና ነው ሲለኝ ደስ ይለኛል። እንዲዘገይ ዱዓ አደርጋለሁ። እሱ እዚያ ይንከራተታል፤ እኔ እዚህ... መሄድ አልፈልግም። ከመጀመሪያውም አልፈለግሁም። ለማንም አልነገርኩም።»

የሚለቅም እጅ ሁሉ ቆመ።

«እንዲዘገይ?» አለች ዘቢባ።

«አዎ።»

«አንቺ ልጅ! እኔ እኮ እንዲፈጥንልሽ ሰኞና ሐሙስ ስጾም ከረምኩ!»

«ኢብራሂምስ አው አባድር መቃብር ድረስ ሄዶ ዱዓ አስደርጎልሽ የለ?» አለች አንዷ ከጥግ።

እማ ሩቂያ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱት። «በሉ ነገሩ ተገኘ! የእኛና የእሷ ዱዓ በር ላይ ተጋጭተው ነው። ያ ምስኪን ጸሐፊስ ምን ያድርግ? በእኛ ጊዜ ማኅተሙን ያነሣል፣ በእሷ ጊዜ ያስቀምጣል።»

ሳቁ ቤቱን አናወጠው። አንዷ ሰፌዷን ደፋች። ዘቢባ እየሳቀች ስታለቅስ፣ እያለቀሰችም ስትስቅ ቆየችና የሪሃናን ትከሻ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ስሙኝ ሁላችሁም። ይቺን ልጅ ኩሩ ናት ብዬ ለአማቷ ያማሁ እኔ ነኝ። ለካ ፈሪ ኖራለች!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት።

«ፈሪ ነኝ» አለች ሪሃና።

እማ ሩቂያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቼስ ሁሉም ዛሬውኑ ይውጣ አልተባለም» አሉ። ሪሃና ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሰፌዷ ተመለሰች።

ሊለያዩ ሲሉ ዘቢባ በር ላይ ያዘቻት። «ለእኛ ነገርሽን። ለባልሽስ?»

በማግሥቱ ከሰዓት ደወለችለት። እንዳትፈራ ቆማ ነው የነገረችው። ስትጨርስ የአብዱልፈታ ፊት ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ። ኔትወርኩ ይሁን ሰውየው አልታወቃትም።

«አብዱ? ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ።» ሰውየው ነበር የደረቀው። «ሥራሽን ለቀሽ፣ ግድግዳሽን አራቁተሽ፣ እንዴት ዝም ትያለሽ? እኔ እኮ ሁልጊዜ ከእንቅልፌ ስነሣ የማፍረው አንቺን ነው። ዛሬም ገና ነው ልላት ነው እያልኩ!»

«አውቃለሁ። አፉ በለኝ።»

አፉ አላለም፤ ስልኩን ዘጋው። በማግሥቱም አልደወለም፤ በሳልስቱም። ሪሃና ዘቢባ ቤት እህል እየለቀመች፣ ስልኳን ጉያዋ ውስጥ ይዛ ጠበቀች። እንዲህ ያለ መጠበቅ አታውቅም ነበር። ማኅተሙ ቢዘገይ እህል የሚጣፍጣት ሴት ዛሬ ጉርሻ አልወርድ አላት።

የሰልማ ሰርግ ዋዜማ ላይ ደወለ። ሰላምታም አላስቀደመ።

«ለመጠበቅ ከሆነ ሐረርም ይጠበቃል» አለ።

«ምን አልክ?»

«ድርሻው እንዳለ ይቀመጥ። ማኅተሙ የመጣ ቀን የአጎቴ ልጅ ይደውላል፤ ያኔ ተነጋግረን እንወስናለን። እኔም እዚህ የምሠራው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ለመጠበቅ ደግሞ የሰው አገር ጣሪያ ሥር ማደር አያስፈልገኝም። አፉ ብያለሁ። ግን ሁለተኛ ደስታሽን እንዳትደብቂኝ።»

ሪሃና ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ልታለቅስ መስሏት ነበር፤ የመጣባት ግን ረሃብ ነው።

ሰርጉ አልፎ አብዱልፈታ በድሬዳዋ በኩል ገባ። ባጃጁ የማይገባበት ጠባብ መንገድ ሲደርስ ወርዶ ሻንጣውን ተሸክሞ መጣ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። አብዱልፈታ ለመመለሻው ያለውን ጥሩ ልብስ ለብሶ ነበር፤ የሰርግ ሱፉን። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ሪሃና የቀለሙን ልዩነት ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ሱሪው ወደ ግራጫ ያደላል። እስከዛሬ እንዴት አላየችውም?

ጋሽ ኢብራሂም ሱፉን ሲያዩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሆኖም አብዱልፈታ ደርሶ ጥምጥም አለባቸው።

«ጋሽ ኢብራሂም ምን ሆነዋል?» አላት ቤት ሲገቡ። «ሳቅፋቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።»

«ናፍቀውህ ነው» አለች።

ሰሞኑን የአፎቻው ሴቶች ስሟን መልሰው አስገብተዋል። ትምህርት ቤቱ ለማታ ተማሪዎች የኬሚስትሪ አስተማሪ ጎድሎት ስለነበር ያን ሥራ ተቀብላለች። ግድግዳው ብቻ ነበር የቀረው። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው ጋዜጣውን እየፈቱ ሳህኖቹን መስቀል ጀመሩ። መካከል ላይ ስልኩ ጮኸ። የአጎቱ ልጅ ነበር። ሪሃና እጇ ላይ ያለውን ሳህን እንደያዘች ቆመች።

አብዱልፈታ አዳመጠ፤ አመሰገነ፤ ዘጋው።

«ምን አለ?»

«ገና ነው።»

ተያዩ። ቀድሞ የሳቀው እሱ ነበር።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ትልቁን ስፌት ከጋዜጣው ውስጥ አወጣና ወደ ብርሃን አዙሮ ተመለከተው። «እንዴት ያምራል! ይኼ እማ ሩቂያ በእጃቸው የሰፉልን አይደል?»

«እማ ሩቂያ የሰጡን ነው» አለች ሪሃና፤ ከእጁም ተቀብላ ከሁሉም ከፍ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው።