ስልሳ ዓመት ከሦስት ወር

ታላቅ እህቴን ከኩላሊት እጥበት ወረፋ ያስወጣት የገዛ እጄ የጻፈው ፕሮግራም ነው። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ እላታለሁ። የሆስፒታሉ ፕሮግራመር ስለሆንኩ "ወንድሜ እያለ ማን ያስቀረኛል" ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ነበር። ስሟ ሲመዘገብ ግን ስክሪኑ ላይ "ከዕድሜ ወሰን ውጭ" የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ሐኪሟ ያለ እጥበት ሦስት ሳምንት እንደማትቆይ ነግሮኛል።

"ደንቡ እስከ ስልሳ አይደል እንዴ የሚለው?" አለችኝ ኮሪደሩ ላይ፣ ያበጠ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ። "እኔ ስልሳ ነኝ። ስልሳን ካለፍኩ ገና ሦስት ወር ነው፤ ስልሳ አንድ መቼ ሞላኝ?"

"ቆይ እትዬ፣ አየዋለሁ።"

ለማየት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ደንቡ "ከአሥራ ስምንት እስከ ስልሳ ዓመት" ይላል። እኔም ከአራት ዓመት በፊት ታችኛውን ጫፍ 18፣ ላይኛውን 60 አድርጌ "ከዚህ የበለጠ አይግባ" ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜውን ግን ከትውልድ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እንዲያሰላ አደረግኩት፤ ጥንቁቅ መሆኔ ነው! ሰው ስልሳ በሞላው ማግስት ለፕሮግራሙ ስልሳ ከምናምን ነው፤ ስልሳ ከምናምን ደግሞ ከስልሳ ይበልጣል። ስለዚህ ውጣ። አራት ዓመት ሙሉ "ስልሳ ነኝ" ያለውን ሁሉ ከበር ስመልስ ኖሬአለሁ። ማንም አልጮኸብኝም። ኮምፒውተር እምቢ ካለ ከማን ጋር ይሟገታሉ? ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ያሰብኩት እርማቱ ከዛሬ ጀምሮ ለሚመዘገብ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ነበር። እንዲያ ቢሆን እትዬ ብቻዋን ትገባለች። ለዋና ሐኪሙ ስነግረው ግን አይኑን አፍጥጦ አየኝ። "ከመጀመሪያው ጀምሮ" አለ። "ክፍት ያለው ሦስት ቦታ በስህተት ለተባረሩት ይሰጣል። በተመዘገቡበት ቀን ተራ።"

60ን ወደ 61 ቀየርኩና "ከዚህ ያነሰ ይግባ" አልኩ። አንድ ቁጥርና አንድ ምልክት ነው። አሥራ አምስት ስም ወጣ። እትዬ አሥራ አምስተኛ ናት።

ስልክ የምትደውለው የወረፋው ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት ሴት ናት። እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ከጎኗ አስቀመጠችኝ።

"አባባ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው" አለ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ልጅ። "ማን ልበል?"

ሲስተር ይቅርታ ጠይቃ ዘጋች፤ ስሙ ላይ ሰረዝ አደረገች። ሁለተኛዋም አርፈዋል። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ አንዲት ሴት "አሁን ነው የምትደውሉት?" ብላ ጆሯችን ላይ ዘጋችብን። ሰረዙ በተጨመረ ቁጥር ግን ውስጤ አንድ ነገር "አሥራ አንደኛ፣ አሥረኛ" እያለ ይቆጥር ነበር። አፈርኩበት፤ ማፈሬም አላስቆመውም። አሥራ አንድ ሰው ተሰረዘ። አሥራ አንዱንም የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ እትዬም አራተኛ ሆነች። ከቀሩት ከሦስቱ አንድ ሰው ብቻ ቢጎድል ትገባለች።

አሥራ ሁለተኛዋ ራሳቸው አነሱ። የአሥራ ሦስተኛው ሚስት በደስታ እልል አለች። ሲስተር እንባዋን ጠረገች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

አሥራ አራተኛው ስልክ ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ሦስት ጊዜ ያላነሳ ይታለፋል። ሁለተኛውም ጥሪ እንዲሁ አለቀ። ሦስተኛው ሲጀምር አይኔን ጨፈንኩ። አታንሳ አልኩ በልቤ። ምነው ሞተህ በሆነ አልኩ፤ የማላውቀውን ሰው።

"ሄሎ... ሄሎ... እንዳትዘጉት!" አለ የሚያቃትት የሽማግሌ ድምፅ። "ስልኩ ወዲያኛው ክፍል ነው። እየዳህኩ ነው የመጣሁት።"

ሲስተር ፊቴን አየችና ስልኩን ገፋ አደረገችልኝ። "አንተ ንገራቸው" አለች በቀስታ።

"አባቴ፣ ሰኞ ጠዋት ይምጡ" አልኩ። "ለእጥበቱ ቦታ አግኝተዋል።"

ሽማግሌው አለቀሱ። "አሳዳጊህ ይባረክ፣ ልጄ" አሉኝ። "አሳዳጊህ ይባረክ።"

"አሜን" አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል።

ስወጣ እትዬ ከወንበሩ ልትነሳ ሞክራ አቃታት።

"እህሳ፣ ስንተኛ ነኝ?"

"አራተኛ።"

"ከአሥራ አምስት? አራተኛ?" ፊቷ በራ። "ደረሰልኛ! አላልኩም ወንድሜ እያለ!" ብላ አጠገቧ ለተቀመጡት ሴትዮ በጣቷ አሳየችኝ፤ እኔም ስንት ቦታ እንዳለ ሳልነግራት ደግፌ አነሳኋት።