ባትረግጪ ማን ይነግረዋል

የምሥራች ይኸነው እንጅባራ ላይ ባዮሎጂ ስታስተምር አንደበቷ እንደ ውኃ ነው የሚፈስ። «አጥንት ሕያው ነው» ትላለች። «ሰው ሲራመድ የአጥንቱ ሴሎች ክብደቱን ያውቁታል። ያንን መልእክት አንዱ ፕሮቲን ለሌላው እያቀበለ ዘረመሉ ድረስ ያደርሰዋል። ያኔ ኦስቲዮካልሲን የተባለው የአጥንት ፕሮቲን ይመረታል። ሰው ተኝቶ ከዋለ ግን መልእክቱን የሚያግድ ሌላ ፕሮቲን ይበዛል።»

ቤቷ ስትገባስ? ጉድ እኮ ነው! የገዛ አባቷን ከአልጋ እንዳይወርዱ ከልክላለች።

አቶ ይኸነው ክረምቱ ሲወጣ ከፈረስ ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰበረ። ከሦስት ወር በኋላ ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ገጥሟል፤ በምርኩዝ ቀስ እያሉ ይራመዱ» አላቸው። የምሥራች ግን ፈራች። እናቷ ከሞተች ወዲህ የቀሯት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ትንሽ ይታገሡ አባባ» ስትል ሌላ ሁለት ወር ሄደ። በጥር፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል፣ በደጃቸው የሚያልፈውን ኮቴ ተኝተው ሰሙት። እግራቸውም እየሰለለ መጣ።

ይባስ ብላ ዳማውን፣ ያንን በየበዓሉ የሚጋልቡትን ፈረስ፣ ሳትነግራቸው ለዳንግላው ባለጋሪ ለመሳፍንት ልትሸጠው ተስማማች።

ቅዳሜ ጠዋት መሳፍንት ገመዱን ይዞ ከች አለ። ዳማው አሽካካ።

«ማነው?» አሉ አቶ ይኸነው ከውስጥ።

መዋሸት አቃታት። «ፈረሱን ሊወስድ የመጣ ነው፣ አባባ።»

«ለጋሪ?»

«ለጋሪ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እኔስ አበቃልኝ በይ» አሉ። «ለመሆኑ ተማሪዎችሽን ስለ አጥንት ምን እያልሽ ነው የምታስተምሪ?»

 ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የነበረችው ልጅ፣ እሷው ራሷ፣ ፊቷ ድቅን አለችባት። ያኔ ከዳማው እናት ላይ ወድቃ እግሯ ሲሰበር፣ አባቷ ራሳቸው ወጌሻ ነበሩና በቀርከሃ ስንጥቅ አሰሩላት። አጥንቱ ሲገጥምላት ግቢው መሀል አቆሟት፤ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ኋላ እየሸሹ፣ ሲቆጡ በሚመጣላቸው አገውኛ «ርገጪ! ባትረግጪ አጥንትሽን ማን ይነግረዋል?» አሏት። እሷም እያለቀሰች «ጨካኝ!» ስትላቸው እየሳቁ አንድ እርምጃ ይሸሻሉ። አቤት ያ ግቢ! የረጠበው ሣር፣ የእናቷ «ተዋት በቃ!» የሚል ድምፅ፣ እነዚያ ሰፋፊ መዳፎች። ስንት ዓመት መጽሐፍ አገላብጣ ያገኘችው እኮ ያንኑ አባቷ ግቢው ላይ ያሏትን ነው። 

ወጣችና «መሳፍንት፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ፈረሱ አይሸጥም» አለችው። እሱም አጉረመረመ እንጂ አልተጣላትም፤ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

ምርኩዙን ይዛ ገባችና አባቷን ደግፋ አቆመቻቸው። ሲጸኑላት ለቀቀቻቸውና በእጅ ርቀት ፊታቸው ቆማ እጇን ዘረጋች።

«ይርገጡ፣ አባባ።»

«እወድቃለሁ።»

«አለሁ፤ እይዝዎታለሁ። ካልረገጡ ማን ይነግረዋል?»

አቶ ይኸነው ቀና ብለው አዩዋት። ቃሉን አውቀውታል። የሰለለው እግራቸው እየተንቀጠቀጠ መሬቱን ነካ፤ ክብደታቸውን ጣሉበት።

«ጨካኝ!» አሏት፣ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ።

የምሥራች እያለቀሰች ሳቀችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።