በጉባኤ የተከለከለችው አንዲት

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ኃጢአት ሁሉ በእጅ የሚሠራ አይምሰልህ፤ ሊቅ እውነትን እያየ አንደበቱን የሰበሰበ እንደ ሆነ፣ ከሰይፍ ይልቅ የሚቈርጥ ዝምታ በጉባኤ መካከል ያድራልና።

የደብረ ጽባሑ መሪጌታ ጽጌ ብርሃን፣ አጽዋማትንና በዓላትን በሚያወጣው በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አቻ ያልተገኘላቸው፣ ርቱዐ ልሳንና ብሩሀ አእምሮ መምህር ነበሩ። ከእግራቸው ሥር ዐሥራ ሁለት ዓመት የተማረው ደብተራ ላእከ ማርያም በአጎራባች ደብር መምህር ሆኖ ሊሾም በቀረበ ጊዜ፣ እንደ ሥርዓቱ በደጀ ሰላም በሊቃውንት ፊት ቆሞ ከልቡ ያፈለቀውን ስልት ገለጠ። ወንበር የሚባለው የዓመቱ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ በሞላ ጊዜ፣ ወንበሩ በዐሥራ አንድ ተባዝቶ የሚገኘው፣ አበቅቴ የሚባለው የጨረቃዋ ቁጥርም ሠላሳ በሞላ ጊዜ ይገደፋል፣ ማለትም ይቀነሳል፤ ላእከም የሁለት ወንበሮች አበቅቴ ቢደመር የድምራቸውን አበቅቴ ይሰጣል አለ። መሪጌታ ያላዩትን ደቀ መዝሙራቸው ማየቱ ጎረበጣቸውና፣ "እስቲ ዐሥርንና ዐሥራ ሁለትን ደምር" አሉት።

"የዐሥር አበቅቴ ሃያ፣ የዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት፤ ሠላሳው ሲገደፍ ሁለት ይተርፋል፣ የኔታ። ነገር ግን . . ."

"ወንበሮቹ ሃያ ሁለት ሆኑ፤ ዐሥራ ዘጠኙ ሲገደፍ ሦስት። የሦስት አበቅቴ ደግሞ ሦስት ነው እንጂ ሁለት አይደለም! በቃ፣ ተቀመጥ።"

ጉባኤው ሳቀ። መሪጌታ ግን "ነገር ግን" ያለውን በዚያችው ቅጽበት ተረድተውት ነበር፤ ዐሥራ ዘጠኝ በተገደፈ ቁጥር አንድ መጨመር እንደሚገባ፣ ሁለቱም በዚያች አንዲት ሦስት እንደሚሆን፣ ቁጥሮቹም በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደመሩ የሚጨመሩት አንዶች ብዛት እንደማይለዋወጥ እንደ ቀትር ፀሐይ አዩት፤ አይተውም ዝም አሉ። ላእከ ሹመቱን ተነፍጎ፣ በሰው ፊት አፍሮ፣ ወደ እናቱ አገር ቈላ ወርዶ ሽመና ገባ።

መሪጌታ ስልቲቱን ማስተማራቸው አልቀረም። ተማሪዎቹ "የየኔታ ጽጌ ስልት" እያሉ ባሞገሷት ቁጥር ግን እህል ከአፋቸው እየመረረ፣ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። በመጨረሻ በዚያው ደጀ ሰላም ቆመው፣ "ስልቲቱ የላእከ ናት፤ እውነት መሆኗን እያወቅሁ አዋረድሁት" ብለው ተናዘዙና፣ የሹመቱን ደብዳቤ አጽፈው ቈላ ወረዱ።

ላእከ ከሸማኔ ጕድጓዱ ወጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ቢጎነበስ፣ እርሳቸው ቀድመው ከእግሩ ወደቁ።

"ኧረ የኔታ፣ በማርያም ይነሡ! እኔስ ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ" አለ፤ ደብዳቤውን ግን መለሰላቸው። "ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። የዚያን ዕለቱ ሳቅ በጆሮዬ እንዳይጮኽ ብዬ ልርሳው ልርሳው ስል፣ ዛሬ የሦስትን አበቅቴ ቢጠይቁኝ አልመልስም።"

የዘገየ ምስክርነት እውነትን ያቆማታል፤ በሐሰት የወደቀውን ሰው ግን ወደ ቆመበት አይመልሰውም።