ከዲሮና ቁልቁለቱ

ከዲሮ ቱሳ የሳጉሬ ልጅ ነው፤ ፈረስ ላይ ያደገ። አሰላ ስዊድኖች ባቋቋሙት የእርሻ ፕሮጀክት ሲሠራ ቆይቶ በ1961 ዓ.ም. የወተት ሥራ ተምሮ እንዲመጣ ወደ አገራቸው ላኩት። ወተቱንም ተማረ። ልቡን የወሰደው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስኪ ይሉታል። ሁለት ረጃጅም ሳንቃ እግር ላይ አስሮ፣ በረዶ በሸፈነው ተራራ ላይ፣ በተተከሉ እንጨቶች መሐል እየተጠማዘዙ ቁልቁል መወንጨፍ ነው።

የመጀመሪያ ውድድሩን በአፍንጫው ጨረሰው። ፈረንጆቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ወድቆ የማያውቅ ጋላቢ የት አለና! በሁለተኛው የበረዶ ወቅት ነገሩ ገባው። ጉልበት ላላ ይበል፣ ወገብ ይከተል፣ ዓይን እግር ሥር ሳይሆን ወደሚታጠፉበት ይሂድ። ይህንንማ አባቱ ገና የወተት ጥርሱን ሳይነቅል አስተምረውታል። በዚያው ዓመት የአካባቢውን ውድድር አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፤ በሦስተኛው ዓመት የአውራጃውን ደገመ። «ከዚያ ወዲያ ስወድቅ ያየ የለም» ይላል ራሱ። ይህን እንኳ ትንሽ ጨምሮበታል፤ ዋንጫዎቹ ግን እውነት ናቸው።

በ1964 ወደ ሳጉሬ ሲመለስ እዚያ የሚወዳደርለት የስኪ ክበብ ለስዊድን ታላቅ ውድድር ቦታ ይዞለት ነበር። ከዲሮ እንደሚያሸንፍ አልተጠራጠረም። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባቱ የኦቦ ቱሳ ምርቃት። እሳቸው ካልመረቁ ከዚያ ቤት ለገበያ እንኳ የሚወጣ የለም።

ኦቦ ቱሳ ዋንጫውን ተቀብለው ገለበጡት፤ ውስጡንም አዩት።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትወርዱት?»

«አንድ በአንድ ነው አባባ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይለቀቃል። ዳኛው ሰዓት ነው።»

«ከጎንህ ሰው የለም?»

«የለም።»

ኦቦ ቱሳ ዋንጫውን መለሱለት። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም። ለዚህ ብለህ ባሕር ስትሻገር አልመርቅም።»

ይህ ቃል ከዲሮን አንገበገበው። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ በሳቅ ባለፈው። የተናገሩት ግን በአርሲ ሜዳ ማንም ቀድሟቸው የማያውቀው ቱሳ ናቸው። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ «እንግዲያውስ ራስዎ ይሞክሩት» አላቸው።

ከሳጉሬ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨቶችን ግራና ቀኝ እያደረገ ከላይ እስከ ታች ተከለ። ፈረሱ አንድ ነው፤ የኦቦ ቱሳ ዳማ። ሰዓቱን ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የስፖርት መምህር አሳምነው ይዞ ታች ቆመ። አገሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። የአካባቢው ታላቅ አዛውንት ኦቦ አብዶ ደግሞ ቡልኳቸውን አንጥፈው ልክ መሐለኛው እንጨት አጠገብ ተቀመጡ። ማን ይነሡ ይበላቸው?

መጀመሪያ ኦቦ ቱሳ ወረዱ። በዚያ ዕድሜያቸው እንጨቶቹን እየታከኩ ሲያልፉ ሴቶቹ እልል አሉ። መሐል ላይ ሲደርሱ ግን ልጓሙን ሳብ አደረጉ።

«ኦቦ አብዶ፣ አካም ጅርቱ?»

ከዚያ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ የሚያማቸው ጉልበት፣ ሁሉም በየተራው ተጠየቀ።

«ኦቦ ቱሳ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!» ብሎ አሳምነው ከታች ጮኸ።

«ይሂድ! ማን ያዘው?»

ቀጥሎ ከዲሮ ተለቀቀ። ከመሐሉ ሲደርስ ኦቦ አብዶ ሁለት እጃቸውን ሲያነሡ አየ። ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ቢቆም ሰዓቱ ዋጋ የለውም ማለት ነውና አባቱ «አላልኩህም?» ሊሉት ነው፤ ባይቆም ስድ ሊባል ነው። ዓይኑን ወደሚቀጥለው እንጨት ወረወረና አለፈ። አባቱን በብዙ ደቂቃ ቀደማቸው። እልል ያለ አልነበረም።

«ኦቦ አብዶ እጃቸውን ሲያነሡልህ አላየህም?» አሉት አባቱ።

«አየሁ አባባ።»

ልጓሙን ለአባቱ ሰጠና በእግሩ ሽቅብ ወጣ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ከኦቦ አብዶ ፊት ተንበርክኮ እጃቸውን ሳመ። ከብታቸውን ጠየቀ፣ ልጆቻቸውን ጠየቀ፣ ጉልበታቸውን ጠየቀ፤ በወዲያኛው በሽርካ በኩል ዝናብ ጥሎ እንደሆነም አልረሳ።

ኦቦ አብዶ እጁን ይዘው አስቀሩት። «እኔማ ፈረሱ ይዞህ የጠፋ መስሎኝ ዱዓ ላደርግልህ ነው እጄን ያነሣሁት!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከዲሮም ዕፎይ ብሎ ሳቀ። ቀና ሲል አባቱ ዳማው ላይ ተቀምጠው ወደ ኮረብታው አናት ሲወጡ አየ።

«ኦቦ አብዶ» አሉ ሲያልፉ፣ «አሁን ስወርድ አልቆምም። ጨርሼ እመለሳለሁ፤ ይፍቀዱልኝ።»

ተፈቀደላቸው። እንደ ጎረምሳ ወረዱ።

«ልጅዎን አልደረሱበትም» አለ አሳምነው ሰዓቱን እያየ፣ «ግን በጣም ቀደሙ!»

«ማንን?»

«የቅድሙን ቱሳን ነዋ!»

ኦቦ ቱሳ ፈረሱን መልሰው ወደ ላይ አዞሩት። እንደገና ወረዱ፤ አሁንም ደገሙ። ዳማው በላብ ሲርስ ነው አዝነውለት ከጀርባው የወረዱት። ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር፤ ሊደብቁትም አልሞከሩ። ቃላቸውን አክብረው ኦቦ አብዶን በደንብ ሰላም ካሉ በኋላ ከልጃቸው አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«በዚያ አገር ስትወርድ፣ ዳርና ዳር ሽማግሌ ይቀመጣል?»

«ብርድ ስለሆነ ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም፣ አባባ።»

ኦቦ ቱሳ የልጃቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙ። እንትፍ፣ እንትፍ አሉበት።

«እንግዲያው ስታሸንፍ፣ ዋንጫውን ሳትቀበል በፊት ሽቅብ ወጥተህ ሰላም በላቸው።»