በመደርደሪያ ላይ የጠገበ ከሰል

የሰውን እስትንፋስ የሚጠብቅ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዕቃው እንደማያገለግል እያወቀ «ደኅና ነው» ቢል፣ በደሉ ተሸሽጎ አይቀርም።

ናፊያ በአቦከር ሰፈር፣ በርና ቁም ሣጥን ላይ ቫርኒሽ እየረጨች የምትተዳደር ብርቱ ሴት ናት። ከሁለት ወር ወዲህ ግን የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ አጥልቃ እንኳ ቫርኒሹን የምታቀጥንበት የቲነሩ ሽታ እየገባባት ራሷን ይፈልጣት ጀመር። ያያት ሐኪም «ሽታው ካልቀረ ሥራው ይቅር» ብሎ ቈርጦ ነገራት። ሌላ ሙያ ደግሞ አልነበራትም።

ማጣሪያውን ይዛ፣ ወደ ገዛችበት፣ ፈረስ መጋላ ወዳለው የቢላል ቀለም ሱቅ ሄደች። ቢላል ጥንድ ሆኖ ታሽጎ የሚመጣውን ማጣሪያ እሽጉን እየቀደደ በነጠላ ይቸረችራል።

«ቢላል፣ ይኼ ገና አንድ ቀን ሳይሞላው ሸተተኝ።»

«አቦ ተዪኝ። ያንቺ አፍንጫ የጅብ ነው።»

«የጅብ ቢሆንማ ተንኮልህን ከሸዋ በር አሸተው ነበር።»

«ወላሂ አዲስ ነው።»

እርሷም ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ለወጡት ጎረቤቷ ለጋሽ አባይነህ አሳየቻቸው።

«የት ተቀምጦ ነበር?» አሏት።

«ቢላል ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ እሽጉ ተቀድዶ፣ ከቲነሩ ጣሳ አጠገብ።»

«እንግዲያውስ ጠግቧል፣ ልጄ። ይህ ከሰል ዐይን የማያያቸው እልፍ ቀዳዳዎች አሉት፤ ግድግዳቸው እንፋሎትን ስቦ ይይዛል። ሽታው እጅግ ስስ፣ ግፊቱም ኢምንት ቢሆን እንኳ ጠባቦቹ ቀዳዳዎች አያመልጣቸውም። ማንም ሳያጠልቀው፣ በተቀመጠበት ይሞላል።»

«በምን ላረጋግጥ?»

«በሚዛን ነዋ። የያዘው ሁሉ ክብደት አለው።»

ናፊያ ከቢላል ማንም ያላጠለቀው ሌላ ማጣሪያ፣ ከሌላ ሱቅ ደግሞ እሽጉ ያልተነካ፣ ዓይነቱ አንድ የሆነ ማጣሪያ ገዝታ፣ ሁለቱን በወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ አስመዘነች። የቢላል በዐሥራ አንድ ግራም በለጠ። ይህንኑ ብትነግረው አንገቱን ደፍቶ፣ «ሁለተኛ እሽግ አልቀድም፤ የቀሩትንም እጥላለሁ» ሲል ቃል ገባላት፤ እርሷም ማረችው። በአዲሱ ማጣሪያ ስትረጭ ሽታው ጠፋ፤ በሳምንቱም ራስ ምታቱ ለቀቃት፤ ሥራዋንም እንደ ቀድሞው ሙሉ ቀን መሥራት ቀጠለች።

ቢላል ግን የተቀደዱትን አልጣለም። በላስቲክ መልሶ አሽጎ፣ «አዲስ» እያለ በሶፊ ገጠር ጫት ላይ የተባይ መድኃኒት ለሚረጩ ገበሬዎች ሸጣቸው። ከእነርሱ አንዱ ማሳው ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ደግነቱ በሦስተኛው ቀን ድኖ ከሐኪም ቤት ወጣ። ቢላልም ተከስሶ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በችሎቱ ናፊያ ያየችውን መሰከረች፤ የገበሬውም ማጣሪያ ተመዝኖ ከብዶ ተገኘ። ቢላል በስድስት ወር እስራት ተቀጣ፤ የንግድ ፈቃዱም ተሰረዘ።