የግራ ትከሻ

ንዴቴን ከማውራቴ በፊት ሥራዬን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሴትዮዋ አብዳለች ትላላችሁ።

ኮት የሚሰፋበት ቤት ነበር የምሠራው። ስድስት ነን። አንዱ ይቆርጣል፣ አራቱ በመኪና ይሰፋሉ፣ እኔ እጨርሳለሁ። መጨረስ ማለት ቁልፍ መትከል፣ ገበር መያዝ፣ ክር መልቀም፣ መተኮስ ነው። እኔ ዘንድ ሲደርስ ኮት የሚመስል ነገር ነው፤ ከእኔ ሲወጣ ኮት ነው። ክብሪት ይሉኛል። ቀጭን ስለሆንሽ ነው ይሉኛል፣ ግን ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ቆራጩ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ጋሼ መቀስ ነው የምንላቸው። ሌላ ቆራጭ ጨርቁን ሁለት አጥፎ ግራና ቀኙን ባንድ ጊዜ ይቆርጣል። ጋሼ መቀስ ግን ለቀኙ ሌላ፣ ለግራው ሌላ የካርቶን ፓተርን አላቸው፤ ጨርቁ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በሳሙና የሚያሰምሩበት ቅርጽ ማለቴ ነው። ቤቱን የከፈቱ ጊዜ የሚለኩት ሰው አጡና የገዛ ኮታቸውን ፈትተው በእሱ ልክ ካርቶኑን ቆረጡ። እሳቸው ደግሞ በልጅነታቸው ከዛፍ ወድቀው የግራ ትከሻቸው ዘመም ያለ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቤት የሚወጣ ኮት ሁሉ ግራ ትከሻው ዘሞ ይወለዳል።

ያየሁት የገባሁ ሳምንት ነው፣ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት። አዲስ ገቢ ነኛ፣ አፍሬ ዝም አልኩ። ስፌቱን ፈታሁት፣ ውስጥ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ ለቀቅ አድርጌ ትከሻውን ከፍ አደረግሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ በካውያ አስተኛሁት። ማንም አላየኝም። በማግሥቱም እንደዚያው። ከዚያ እጄ ለመደ። ለአንድ ኮት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እስቲ በአሥራ ሰባት ዓመት አባዙት! እኔ አንድ ቀን ማባዛቱን ጀምሬ ደሜ ሲፈላ ተውኩት።

ደግሞ እኮ እኮራበት ነበር። ማንም ሳያውቅልኝ ይሄን ቤት ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ እል ነበር። ሞኝ ነኝ አልልም፤ ከሞኝ የባስኩ ነበርኩ፣ ምክንያቱም ሞኝ ቢያንስ አይለፋም።

አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ዓይኔን ማጥበብ ጀምሬአለሁ። ዓይኔ ሲደክም ምን እንደምሆን አውቃለሁ፤ ከእኔ በፊት የነበሩትን ሴትዮ አይቻቸዋለሁ፣ በመጨረሻ ጥግ ላይ ተቀምጠው ከወለሉ ክር ይለቅሙ ነበር። ስለዚህ ሠፈራችን ያለው ማሠልጠኛ የፓተርን ሥራ ሊያስተምር ማስታወቂያ ሲለጥፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ለስድስት ወር። ሠራተኛ ከሆንሽ አሠሪሽ ደብዳቤ ይጽፍልሻል። ምዝገባው ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቆራጭ መሆን ፈለግሁ። ከሰው ስህተት ኋላ ኋላ መሄድ በቃኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ፈልጌ ነበር» ብዬ ነገሩን አስረዳኋቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስት ጠዋት? አንቺ ከሌለሽ የግራ ትከሻውን ማን ሊያስተካክለው ነው?»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ትከሻውን ነዋ! ያላየሁሽ መስሎሻል? የገባሽ ሳምንት ነው ያየሁሽ። ጎበዝ ናት፣ አፍም የላት አልኩ።»

አፍም የላት! እኔን፣ ክብሪቷን! ሳቅ ብለው መቀሳቸውን አነሡ። በሳቸው ቤት ማመስገናቸው ነበር። እኔ ግን አንድ ቁልፍ ስተክል ሁለቴ ጣቴን ወጋሁ። ደግነቴን ደብቄ የኖርኩ መስሎኝ፣ ለካ ሰውዬው እያዩ ነበር የሚበሉኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ሰማችኝ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ፣ ልጄ» አለችኝ። «አሁን በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ይዘሽ ልትሄጂ?»

«እማዬ፣ በብብቴ ያለው እኮ የኔ አይደለም። የጋሼ መቀስ ትከሻ ነው።»

ሳቀች። ሽንኩርቱ ይሁን ሳቁ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ሳታስበው የተናገረችው ነው ያቃጠለኝ። «አንቺስ ብትሆኚ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ለጉሞሽ ነው?»

በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

ረቡዕ የሆቴል ጥበቃዎች ኮት እኔ ጋ ደረሰ። ሠላሳ ነው፣ ሰማያዊ፣ የናስ ቁልፍ ያለው። ቁልፉን ተከልኩ፣ ገበሩን ያዝኩ፣ ክሩን ለቀምኩ፣ ተኮስኩ። ትከሻውን አልነካሁትም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ሥራ የለም። እጄ በራሱ ወደ ስፌቱ ይሄዳል፣ እኔ እመልሰዋለሁ።

አጠገቤ ያለችውን ሰፊ ሬዲዮ ነው የምንላት፣ አፏ ስለማይዘጋ። አንገቷን አስግጋ አየች። «ትከሻውን ረሳሽው እኮ!»

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ኧረ ማን የማያውቅ አለ!» አለችኝ፣ መኪናዋንም ሳታቆም።

ሁሉም ያውቁ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ሰው ትዳር ሲያወሩ ያቺን አንዲት ነገር ብቻ ማንም አላነሣትም። እኔ ነበርኩ ማንሳት የነበረብኝ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በማን እንደምናደድ ግራ ይገባኛል፤ የምናደድባቸው ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቁኛል፣ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ራሴ ቆሜአለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጥበቃዎቹ አለቃ ስድስት ሰዎች ይዞ መጣ። ኮቱን ለበሱ። የስድስቱም ኮሌታ በግራ በኩል ተነሥቶ ወደ ጆሯቸው ወጣ። ስድስት ግዙፍ ወንዶች ተሰልፈው፣ በአንድ ትከሻቸው «እኔ ምን አውቃለሁ» የሚሉ ይመስሉ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አለቃው።

ጋሼ መቀስ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ቀልቷል። «የምትጨርሰው ልጅ ናት ያበላሸችው።»

አስቡት! ያበላሸችው! ከተንጠለጠሉት አንዱን ኮት አውርጄ ወደሳቸው ሄድኩ።

«እስቲ ይልበሱት፣ ጋሼ።»

«እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው የምለብሰው?»

«ይልበሱታ!»

ከድምፄ የተነሣ ይመስለኛል፣ ለበሱት። ልክክ አለ። አንዲት ሽብሽብ እንኳ የለችውም። ስድስቱ ጥበቃዎች እሳቸውን አዩ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

«ፓተርኑ በሳቸው አካል ልክ የተቆረጠ ነው» አልኩ ለአለቃው። «ይሄ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ሁሉም ኮት እንዲህ ነው የሚወጣው። እኔ እየፈታሁ አስተካክል ነበር። አሁን ተውኩ።»

ሬዲዮ ሳቋ አመለጣትና አፏን በጨርቅ ያዘች። ጋሼ መቀስ በዚያ በሚያምርባቸው ኮት ውስጥ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታው ቶሎ አለቀና ንዴቱ ብቻ ቀረኝ።

አለቃው እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ ሄደ።

«ያጎረስኩበትን እጅ ነከስሽው» አሉኝ ጋሼ መቀስ፣ ሰዎቹ ሲወጡ ጠብቀው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይ እሺ። ሠላሳውን አስተካክይልኝ፣ ደብዳቤሽን ነገ ጠዋት እፈርማለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ ጓጓሁ። ደብዳቤው ይኸው፣ እጄ ላይ ነው። ሠላሳ ትከሻ ምን አላት? ሺዎች አድርጌ የለ? «እሺ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ፓተርኑስ?» አልኳቸው።

«ምን ሆነ ፓተርኑ?»

«የቀኙን ገልብጠው ግራ ያድርጉት። አምስት ደቂቃ ነው፣ ጋሼ፤ አሁን አብረን እንቁረጠው። ከዚያ ሠላሳውን በደስታ እሠራልዎታለሁ።»

ካርቶኑን ከምስማሩ አወረዱት። ጠርዙ ከመዳሰስ ብዛት ጠቁሯል። እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ቤቴን የሠራሁት በዚህ ነው። ይሄ አይነካም» አሉ።

«እንግዲያው እኔም አልነካውም።»

መርፌዎቼን ጠቅልዬ ጨርቄን ማቄን ሳልል ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ብቻዬን እሳደብ ነበር። አምስት ደቂቃ! ለአምስት ደቂቃ ብለው አሥራ ሰባት ዓመቴን!

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ማሠልጠኛው ደረስኩ። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል «የአሠሪ ደብዳቤ» አለችኝ።

«የለኝም። ሥራ ለቅቄአለሁ።»

«ያለ ደብዳቤ ‹ሥራ ፈላጊ› ተብለሽ ነው የምትመዘገቢው።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። «ጻፊው» አልኳት።

እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ሴትዮ የተበላሸ ዚፕ ይዛ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ ሱሪ ልታሳጥር መጣች። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ሱሪ፤ ኑሮው ይኸው ሆነ።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን አሥራ አራት ሆነን ተቀመጥን። አብዛኞቹ ልጆቼ ሊሆኑ ይችላሉ። መምህርቷ ራሷ ሠላሳ አይሞላትም። አሰፋፋችንን ልይ ብላ ተቆርጦ የተዘጋጀ የሸሚዝ ጨርቅ አደለችን፣ ጎንና ጎኑን በእጅ ግጠሙት አለች። ጀመርኩ። የፊቱ ጎን ከጀርባው በአንድ ጣት ይረዝማል። ጨርቁን ሰብሰብ ሰብሰብ እያደረግሁ፣ ትርፉን በየስፌቱ ትንሽ ትንሽ እያስገባሁ አስተካከልኩት። ማንም እንዳያውቅ አድርጌ። ክሩን በጥርሴ ልበጥስ ስል ነው የነቃሁት።

ሥራዬን፣ የእናቴን ሰላም ጥዬ የመጣሁት ይሄንኑ ልሠራ ነው? እጄን ብመታው ደስ ባለኝ። ጋሼ መቀስ እዚህ የሉም፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም። እጄ ነው ዝም ያለው። ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈታሁትና እጄን አወጣሁ።

«መምህርት፣ አቆራረጡ ልክ አይደለም። ፊቱ ይረዝማል።»

መጣች። በሜትር ለካች፣ ደግማ ለካች። ጉንጯ ቀላ። «ልክ ነሽ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ስቻለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ሁላችሁም አቁሙ፣ እንደገና እንቆርጣለን።»

ክፍሉ አጉረመረመ። ከኋላዬ የተቀመጠችው ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ምናለ ዝም ብለሽ ብታስተካክዪው፣ እትዬ? እኔ እኮ አስተካክዬ ጨርሻለሁ። ይኸው፣ እዪው፣ አያስታውቅም።»

ተቀብያት አየሁት። እውነቷን ነው፣ አያስታውቅም። ከእኔ እጅ ይበልጣል። ፊቷ በኩራት በርቷል።

«ፍቺው» አልኳት።

ሳቀች። የምቀልድ መስሏታል።

«ፍቺው አልኩሽ!»

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። መቀሷን ከጠረጴዛው አንሥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት፤ የመጀመሪያውን ክር እስክትበጥስ ድረስም ከፊቷ አልተነሣሁም።